የራቭ ፎሩ መንቀጥቀጥ ከኋላ ሸሚያስ ነው? ሸሚያሱ ከመፈታቱ በፊት ጎማው ይታይ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምነዳው የ2003 ስሪት (በፈረንጅ አቆጣጠር) ራቭ ፎር ነው። ማንዋል ነው፤ አራቱም ጎማ ይጎትታል። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በየሳምንቱ ባሕር ዳር እመላለሳለሁ። ለሥራ ወደ ቢቸናና ሞጣ ገጠር ስገባ ፒስታና ጭቃ ነው። አንዳንዴ አዲስ አበባም እሄዳለሁ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሁለት አዲስ ጎማ ገዝቼ ፊት አስገጠምኩ፤ ያረጁት ኋላ ላይ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሰማንያ ስደርስ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች። ግቢ ውስጥ መሪ ጠቅልዬ ስዞር ከኋላ እንደ መያዝ ትልና ትንተፋተፋለች። የቀኙ የኋላ ጎማ ውስጠኛ ጎን ላይ ደግሞ ጥቁር ግራሶ ተረጭቷል። አንዱ መካኒክ ‹የኋላ ሸሚያሶቹን አውጥተን በፊት ብቻ ትሂድ፣ ቤንዚንም ትቆጥባለህ› አለኝ። ሌላው ‹ዲፈረንሻሉ ነው፣ ይቀየር› ይላል። የቱን ልስማ?»

ሁለቱንም አትስማ። ሸሚያሶቹ (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማ ጉልበት የሚያደርሱት ዘንጎች) አይውጡ፣ ዲፈረንሻሉም (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) አይነካ። የነገርከኝ ሦስት ምልክት ነው። ሦስቱንም በአንድ ጥፋተኛ ላይ ስለጫናችሁት ነው መልሱ የጠፋው። መንቀጥቀጡ በአብዛኛው የጎማና የቸርኬ ጉዳይ ነው። መንተፋተፉ የመጣው የፊቱና የኋላው ጎማ እኩል ስላልሆነ ነው። ሸሚያሱን የሚመለከተው ግራሶው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሸሚያሱ አልቆለታል ማለት አይደለም።

«የኋላ ሸሚያስ» ሁሉም መኪና ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። የፊት ጎማ የሚጎትተው ኮሮላ ጭራሹን የለውም። ሃይሉክስና ሃያስ አላቸው፤ ግን ሸሚያሱ ብረት ውስጥ ተደብቆ ከዲፈረንሻሉ ዘይት ጋር ይኖራል። እነሱ ላይ የሚያስቸግረው ጫፍ ላይ ያለው ፓራሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) ነው፤ ሲበላሽ ዘይቱ የፍሬን ሸራ ላይ ይፈሳል። ያንተ ሌላ ነው። ዲፈረንሻሉ ከመኪናዋ አካል ጋር ታስሮ ይቀመጣል፤ ከግራና ከቀኙ ሁለት ሸሚያሶች ተጋልጠው ወደ ጎማ ይወጣሉ። እያንዳንዳቸው በሁለቱም ጫፍ የሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ አላቸው፤ ጋራዥ ውስጥ ሲቪ ጆይንት የሚባለው ነው። መገጣጠሚያው በግራሶ ተሞልቶ በላስቲክ ሽፋን ይታሰራል። ዕድሜውን ሃይሉክስ ሲፈታ የኖረ መካኒክ ጎማ ጎን ላይ ቅባት ሲያይ ሐሳቡ ወዲያው ዲፈረንሻል ላይ ይሄዳል። ምክሩ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ከመንተፋተፉ ልጀምር፤ ሳይጮህ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣህ እሱ ነው። መሪ ሲጠቀለል «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ የሲቪ ጆይንት ምልክት ነው ሲባል ሰምተህ ይሆናል። እውነት ነው፤ ለፊት ሸሚያስ። የፊት ጎማ ሲታጠፍ መገጣጠሚያው አብሮ ይታጠፋል፣ ያረጀው ኳስ ይንኳኳል። የኋላ ጎማ ግን መሪ አይታዘዝም። አንተ መሪውን እስከ መጨረሻ ብትጠቀልል የኋላው ሸሚያስ አቀማመጥ አይለወጥም። ስለዚህ በመዞር ብቻ የሚመጣ ችግር ከኋላ ሸሚያስ መሆኑ አይመስልም። የኋላው ሲያልቅ ምልክቱ ሌላ ነው። ነዳጅ ስትረግጥና ስትለቅ አንድ ጊዜ «ኳ» ይላል። ጉድጓድ ላይ ጎማው ወጣ ገባ ሲል ያንኳኳል።

አሁን ይቺን ሒሳብ ተመልከት። ጎማህ 215/70 አር 16 ነው እንበል፤ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ከመሐሉ እስከ ዳሩ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥርስ ይዞ ይመጣል። የኋላዎቹ 3 ሚሊ ሜትር ቀርቷቸው ከሆነ ልዩነቱ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ለዓይን ምንም አይደለም። ዙሪያው ላይ ግን ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የኋላዎቹ ስላነሱ በየኪሎ ሜትሩ ከፊቶቹ 6 ዙር ያህል አብልጠው ይዞራሉ። ከማርቆስ ተነስተህ ባሕር ዳር እስክትገባ ከ1500 ዙር ያላነሰ ትርፍ አለ።

ይህን ትርፍ የሚሸከመው በፊትና በኋላ መካከል ያለው የመሐል ዲፈረንሻል ነው። ልዩነት ማቻቻል ሥራው ነው፤ ብቻውን ቢሆን ብዙም አይከፋውም። ከጎኑ ግን በወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ የተሞላ መያዣ አለ፤ ቪስከስ ይሉታል። አንዱ ወገን ጭቃ ላይ ሲሽከረከር ሌላውን እንዲይዝ የተቀመጠ ነው። ይህ መያዣ ጭቃንና ያልተመሳሰለ ጎማን አይለይም። የፍጥነት ልዩነት ካገኘ ይሠራል። አስፋልት ላይ ለሰዓታት ካገኘ ለሰዓታት ይሞቃል። ፈሳሹ ደጋግሞ ሲሞቅ ይበላሻል፣ መያዣውም እየጠነከረ ይሄዳል። ከዚያ ግቢ ውስጥ መሪ ስትጠቀልል የፊትና የኋላ ጎማ የሚሄዱት ርቀት ይለያያል፤ መያዣው አልለቅም ይላል፤ መኪናዋ ትንተፋተፋለች።

መፍትሔው ከፊቶቹ ጋር አንድ የሆኑ ሁለት ጎማ ጨምረህ አራቱንም ማመሳሰል ነው። ያው ፋብሪካ፣ ያው ሞዴል፣ ያው ቁጥር። ወር ያልሞላቸው ስለሆኑ አሁን ብታደርገው ይመሳሰላሉ፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ያው ልዩነት ይመለሳል። ከድሮዎቹ የተሻለውን ስኮርታ አድርገው። ገንዘብ ካጠረህ ያገለገሉ መግዛት ትችላለህ፤ ግን በዓይን አትመን። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘህ ሂድ። አየሩን እኩል አስሞልተህ ጎማውን በጥርሱ ላይ ዙሪያውን ለካ። አራቱ በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ካልተቀራረቡ አልገዛም በል። ከዚያ በየ8 ሺሕ እስከ 10 ሺሕ ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ኋላ፣ የኋላውን ፊት እያዛወርክ እኩል አስጨርሳቸው።

ስትገዛ ዕድሜውንም እይ። ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ በትንሽ ሞላላ ውስጥ አለ። 2219 ቢል የ2019 ሃያ ሁለተኛ ሳምንት ነው። ዘመኑ በፈረንጅ ስለሆነ ሻጩ በኛ አቆጣጠር አስቦ እንዳያምታታህ። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ብዙ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይመርመር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ጥርሱ ምንም ቢመስል አልነዳበትም።

አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሳ፤ አንተም አድርገኸዋል። ሁለት አዲስ ጎማ የገዛ ሰው ሁሉ ፊት ያስገጥማል። «መሪው እዚያ ስለሆነ» ይባላል። የኮሮላ ባለቤት እንኳ ሁለት ብቻ ከገዛ ኋላ ቢያደርጋቸው ይሻላል። በዝናብ አስፋልት ላይ ፊቱ ቢንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ነዳጅ ለቀህ ትመልሰዋለህ። ኋላው ከተንሸራተተ ግን መኪናው ይዞርብሃል፤ ያንን የሚመልስ ሹፌር ጥቂት ነው። ላንተ ግን ይህ አይሠራም፤ አራት ጎማ የሚጎትት መኪና አራት እኩል ጎማ ይፈልጋል።

ወደ መንቀጥቀጡ እንሂድ። እዚህ ላይ ማንም ቁልፍ ሳያነሳ አንተ ራስህ የምትለየው ነገር አለ። መንገዱ ሜዳና ቀጥ ያለ፣ ከኋላህም መኪና የሌለበት ቦታ ምረጥ፤ ከመራዊ ወደ ባሕር ዳር ያለው ሜዳ ይመቻል። ሰማንያ ግባና መንቀጥቀጡ ሲጀምር ፍሪሲዮን ርገጥ። ሞተሩ ተላቅቆም መንቀጥቀጡ ከቀጠለ ችግሩ የሚሽከረከረው ነገር ነው፤ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ወይም መሐል ላይ ያለው ትራስሚሲዮን (ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚወስደው ረጅም ዘንግ)። ነዳጅ ስትረግጥ ብቻ መጥቶ ስትለቅ ከጠፋ ያኔ የሸሚያሱን የውስጠኛ መገጣጠሚያ መጠርጠር ትችላለህ። ጎማ ከሆነ ደግሞ መሪው እጅህ ላይ ከተርገፈገፈ ፊት ነው፤ ወንበርህ ከተንዘፈዘፈ ኋላ ነው። መንቀጥቀጥ ሳይሆን «ኡኡኡ» የሚል የማያቋርጥ ጩኸት ከሆነ፣ ወደ አንድ ወገን ስትታጠፍ የሚጨምር ወደ ሌላው የሚቀንስ ከሆነ፣ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ነው።

ባላንስ ከመክፈልህ በፊት ግን ቸርኬውን ከውስጥ አስታጥበው። ቀልዴን አይደለም። የጎጃም ወልካ (ጥቁሩ ጭቃማ አፈር) በክረምት ቸርኬ ውስጥ ገብቶ አንድ ቀን ፀሐይ ካገኘው እንደ ሲሚንቶ ይጋገራል። አንድ ቡጢ የሚያህል ጭቃ በአንድ ወገን ከተጣበቀ መኪናን ለማንቀጥቀጥ ከበቂ በላይ ነው። ጎሚስታው ጭቃው ላይ እንዳለ ባላንስ ከሠራልህ ደግሞ ባሰ። ለጭቃው ማመጣጠኛ እርሳስ ይለጥፍልሃል፤ ነገ ጭቃው ሲረግፍ እርሳሱ ይቀርና እንደገና መንቀጥቀጥ ትጀምራለህ። በክረምት የሚመጡ «የሸሚያስ» ቅሬታዎች ውስጥ ብዙዎቹ በሽቦ ብሩሽና በባልዲ ውሃ የሚያልቁ ናቸው። የጋራዥ ባለቤቶች ይቅር ይበሉኝ።

ታጥቦም ካልቀረ ጎማው ባላንስ ማሽን ላይ ሲሽከረከር ቆመህ ተመልከት። ቸርኬው ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ተጣሟል፤ እርሳስ አያድነውም። አስቀድሞ ግን ጎማው የሚታሰርበት የሞዞ ፊት ይታይ። ዝገት ወይም ጭቃ ካለበት ቸርኬው ዘምሞ ይቀመጣል። ዳዶዎቹንም እይ። የቶዮታ የአሉሚኒየም ቸርኬ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ ይወስዳል፤ የብረት ቸርኬ ደግሞ ጫፉ ሾጣጣ የሆነውን። ቸርኬ የቀየረ ሰው ዳዶውን ሳይቀይር ይቀራል። ያ ቸርኬ ቢታሰርም አይያዝም፤ ቀስ በቀስ ይላላል። እጅህን አስገብተህ አራቱም ጎማ ላይ ዳዶው ከቀዳዳው ጋር መስማማቱን አረጋግጥ።

አጠባበቁም ሥርዓት አለው። ረዳቱ ቁልፉ ላይ ቱቦ ጨምሮ ሲቆምበት «ጎበዝ» እንላለን። ቶዮታ ለእንዲህ ያለ ዳዶ የሚያዘው 103 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ በተራ የጎማ ቁልፍ አንድ ጎልማሳ በእጁ ጠንከር አድርጎ የሚስበው ያህል። ከዚያ በላይ ብሎኑ ይሳባል፣ የፍሬን ዲስኩም ሊጣመም ይችላል። ተራ በተራ ሳይሆን በኮከብ ቅርጽ ተሻግረህ እሰር። ዳዶው ላይ ግራሶ አትቀባ፤ ስትቀባው በዚያው ጉልበት ከሚገባው በላይ ይጠብቃል። ጎማ በወለቀ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሄደህ ዳዶዎቹን እንደገና ፈትሽ።

ግራሶው ቀርቶናል። መጀመሪያ ምን እንደሆነ ለይ። በጣትህ ነካ አድርገህ አሽትተው። ወፍራም፣ ጥቁር፣ የሚለጠፍ ከሆነ የሲቪ ጆይንት ግራሶ ነው፤ የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዷል። ቀጠን ያለና የድኝ ሽታ ያለው ከሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ነው፤ ፓራሊዮው አልፏል። እንዲህ ከሆነ ፓራሊዮ ከመግዛትህ በፊት የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ አስጸዳ። በጭቃ ከተደፈነ የሞቀው አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን በፓራሊዮ ይገፋዋል፤ አዲሱንም ያስተፋዋል። ቀጭን እንደ ውሃ ያለ፣ ጣት ላይ የሚያንሸራትት ከሆነ ግን የፍሬን ዘይት ነው። እሱ ከሆነ መኪናዋ ከቆመችበት አትነሳ።

አንተ እንደገለጽከው የመጀመሪያው ይመስላል። ሽፋኑ በቅርቡ ከተቀደደና ግራሶው ውስጥ አሸዋ ካልገባ መገጣጠሚያው ይድናል። ሸሚያሱ ይወጣል፣ መገጣጠሚያው ተፈትቶ በነዳጅ ይታጠባል፣ በአየር ይደርቃል፣ ሽፋኑ በአዲስ ይቀየራል። የሚገባው ግራሶ ለሲቪ ጆይንት የተሠራው፣ ሞሊብዲነም ያለው ነው። ለክሮቼራ (ለትራስሚሲዮኑ መገጣጠሚያ) የምንረጨው ተራ ግራሶ ሙቀቱን አይችልም። የተቀደደውን በላስቲክ አስሮ መሄድ የሚሉም አሉ፤ ያ እስከ ጋራዥ ለመድረስ ካልሆነ ጭቃውን ውስጥ ቆልፎ መፍጨት ነው። ግራሶውን በጣቶችህ መካከል ስታሸው ከኮረኮረህ፣ ወይም ኳሶቹ የተቀመጡበት ቦይ ተቦርቡሮ ከታየ፣ ሽፋን መቀየር ከንቱ ነው። ያኔ ሸሚያሱ ይቀየር፤ የቀኙ ብቻ።

ሥራው ሲሠራ ሦስት ነገር አስጠንቅቃቸው። የሞዞው ትልቁ ዳዶ መላላት ያለበት መኪናዋ ክሪክ ላይ ከመውጣቷ በፊት፣ ጎማው መሬት እንደረገጠ ነው፤ ጉልበቱ ከባድ ስለሆነ ክሪክ ላይ ሆኖ ሲታገሉት መኪና ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ክሪኩ ወልካ ላይ አይቁም፤ ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ፣ የፊት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፣ ከሥር ቋሚ ድጋፍ ይግባ። ሦስተኛው ያንተ መኪና ልዩ አደጋ ነው። የኋላው ብቻ ተነስቶ ሞተር አስነስቶ ማርሽ ማስገባት ፈጽሞ አይሞከርም። መሬት የረገጡት የፊት ጎማዎች ይጎትቱና መኪናዋ ከክሪኩ ላይ ትዘላለች።

አሁን «ሸሚያሶቹን እናውጣ» ወደሚለው ልመለስ። ሸሚያስ ሲወጣ የዲፈረንሻሉ ቀዳዳ ክፍት ይቀራል፤ ዘይቱ ይፈሳል። ቀዳዳው ቢደፈንም የመሐል ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን ቀላል ወደ ሆነው ወገን ይለቃል፤ ቀላሉ ደግሞ አሁን ምንም ያልተያያዘበት የኋላው ነው። መኪናዋ የምትሄደው ያ የሲሊኮን መያዣ ብቻውን ሸክሙን ሁሉ ተሸክሞ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል። ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሞዞ ላይ ኩሽኔታውን አጣብቆ የሚይዘው በአብዛኛው የሸሚያሱ ጫፍና ትልቁ ዳዶ ናቸው። እነሱ ከሌሉ ኩሽኔታው ይከፈታል፤ ጎማው ከነሞዞው ሊወጣ ይችላል። ይህ ሰማንያ ላይ ሲሆን ምን እንደሚመስል አስበው። የሚቆጠበው ቤንዚን ደግሞ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ዛሬ ዳዶዎቹንና የተረጨውን ቅባት እይ። ቸርኬውን አስታጥብ። ሁለት ጎማ ጨምር፣ አራቱንም ባላንስ አሠራ። በዚያው ሰሞን ሽፋኑን አስቀይር። እስከዚያው ከስልሳ አትለፍ፤ ወደ ገጠርም ጭቃ አትግባ፣ የተቀደደው ሽፋን የሚጠብቀው ጭቃን ነው። ዓባይን ግን እነዚህ ሳያልቁ አትውረድ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ፍሬኑም ጎማውም ይግላል፣ ያረጀ ጎማ የሚፈነዳው እዚያ ነው። ስትወርድ ደግሞ አየሩን ደጀን ላይ በቀዝቃዛው፣ የሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ አስሞላ። ታች ስትደርስ በከፍታው ምክንያት መለኪያው 2 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ሊቀንስ፣ በሙቀቱ ምክንያት ደግሞ ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። ግሎ ስታየው አታስተንፍሰው፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ሲበርድ ጎማህ ልል ይሆናል።

ሸሚያስ መግዛት ከመጣ፣ አዲስ ያልታወቀ ስም ከምትገዛ ኳሶቹ ያልተበሉ ያገለገለ ኦሪጅናል እመርጥልሃለሁ። አሮጌውን ይዘህ ሂድና ርዝመቱን፣ የጥርሱን ብዛት፣ ኤቢኤስ ካላት ደግሞ ጥርስ ያለው ቀለበት መኖሩን አነጻጽር። ቀለበቱ ከሌለ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራብሃል። ትልቁ ዳዶ ሁልጊዜ በአዲስ ይቀየር።

ጎማዎቹ ተመሳስለው፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ሄደህባቸው፣ ግቢ ውስጥ መንተፋተፏ ካልለቀቀ የሲሊኮን መያዣው ራሱ አልፎበታል። እሱ ካምቢዮው ጎን ያለው ክፍል ውስጥ ነው፤ በመንገድ ዳር ጋራዥ የሚከፈት አይደለም። ለብቻው ከማስጠገን ሙሉውን ክፍል ያገለገለ ገዝቶ መቀየር ብዙ ጊዜ ይረክሳል። እስከዚያ ድረስ ግን ማንም እንዲከፍተው አትፍቀድ።